ለከተማ ንባብ ልብ ወለድ ስለ መጠቆም

የአንድ ከተማ ሕዝብ በአንድ ወቅት አንድ መጽሐፍ አንብቦ እንዲወያይበት የማድረግ ልማድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው። ሐሳቡን ያፈለቁት ናንሲ ፐርል የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የተመረጠው የራስል ባንክስ ልብ ወለድ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አደጋ ልጆቿን ስላጣች ትንሽ ከተማ የሚተርክ ነበር። ይህችው ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2008 የአገራችን ተወላጅ ዲናው መንግሥቱ በዋሽንግተን ስለሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ባለ ሱቅ የጻፈውን ልብ ወለድ መርጣለች።

ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ጭንቁ ከጥቆማው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒውዮርክ አስመራጮች በቻንግ ሬ ሊ ልብ ወለድና በጄምስ ማክብራይድ የሕይወት ታሪክ መካከል ሲወላውሉ፣ «ይህኛው እነ እገሌን ያስቀይማል» የሚል ስጋት ተነሣ፤ በመጨረሻም በአንድ መጽሐፍ ሳይስማሙ ቀሩ። ማንንም የማያስቀይም መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ማንንም የማያነጋግር መጽሐፍ ይመስለናል።

ጥቆማ ለደራሲ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። «ትልቅ ሥራ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት አስተዋይ አንባቢዎች በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚለያዩ ጠቋሚው ለይቶ ማሳየት አለበት። መጽሐፉ በገበያ መኖሩን፣ ዋጋውንና ውፍረቱንም ይመለከቷል።

እንዲህ ያለ ንባብ ለአዲስ አበባ ቢታሰብስ? ብዙዎቻችን ሳናመነታ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንጠራለን። ይሁን እንጂ ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሳይቀር ሰምቶታል። (ከሲያትል በፊት አገር ሙሉ አንድ ልብ ወለድ አዳመጥን ማለት ነው!) ውፍረቱም ፈተና ለደረሰበት ተማሪ አይመችም።

እኛ የምንጠቁመው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን ይመኛል፤ ወንድሙ ግን ሚስት አግብቶ እንደ ሰው እንዲኖር ይወተውተዋል። ተሰጥኦውን ብሎ ደመወዙን የሚተው ሰው ጀግና ነው ወይስ ዘመዶቹን የበደለ? በዚህ ጥያቄ መኝታ ቤታችን ውስጥ ብቻ ሳይሆን፣ ክረምት ወደ ቤት ስንገባ ከወላጆቻችንም ጋር እንከራከርበታለን። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. የደረሱበት ስለ ጠፋ፣ በሲያትል እንደሚደረገው ተጋብዘው ሊጠየቁ አለመቻላቸው ጉድለት ነው፤ ጥያቄው ግን መልስ ሰጪ አያጣም።

ሌላ መጽሐፍ የሚጠቁም ጓደኛ ካለ፣ ከርእሱ ጋር የሚያከራክረውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያምጣልን።