የድረ ገጾች ምስክርነት፦ ማያያዣዎች በፍለጋ ውጤት ላይ ያላቸው ድርሻ

ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተባብረው ስለ አገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት የሚያስረዳ ድረ ገጽ አዘጋጁ እንበል። ጽሑፉ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ፎቶግራፎቹን ራሳቸው አንስተዋቸዋል፤ መምህራንም ሥራውን አይተው አርመውታል። ሥራው ተጠናቆ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ግን በፍለጋ ሞተር ቢፈልጉት ገጻቸው በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ቀርቶ በአምስተኛውም አይገኝም። በአንጻሩ ከዚህም ከዚያም የተገለበጠና የመጠን ስሕተት ያለበት ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ተቀምጦ ያገኙታል።

ነገሩ ተማሪዎቹን ከማሳዘን ያለፈ ነው። አብዛኛው ፈላጊ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ውጤቶች አልፎ አይሄድም፤ ያነበበውን አምኖ ቅጠል ቀጥቅጦ የሚጠጣም አይጠፋም። የፍለጋ ሞተር የሚሰጠው ደረጃ አንድ ዕውቀት ከሰው ይድረስ ወይስ ተቀብሮ ይቅር የሚለውን ይወስናል ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ ደረጃ በምን ይለካል? መልሱ በከፊል የሚገኘው ከገጹ ውጭ ነው፤ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርሱ በሚያመለክቱባቸው ሊንኮች። እነዚህን በዚህ ጽሑፍ ማያያዣዎች ብለን እንጠራቸዋለን። ማያያዣዎች እንዴት እንደሚመዘኑ፣ ሰዎች ሚዛኑን እንዴት ለማታለል እንደ ሞከሩና በሐቅ የሚሠራ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ቀጥለን እንመለከታለን።

ቃላትን ከመቁጠር ምስክርን ወደ መስማት

የፍለጋ ሞተር ሦስት ዐበይት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው ሸረሪት የሚል ቅጽል ስም የተሰጣቸውን ፕሮግራሞች ልኮ ገጾችን መሰብሰብ ነው። ሸረሪቶቹ በአብዛኛው የሚጓዙት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በተዘረጉት ማያያዣዎች ስለሆነ፣ ማንም ያላያያዘው ገጽ መንገድ ያልገባለት መንደር እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ተግባር በመጽሐፍ መጨረሻ እንደምናየው ያለ የቃላት ማውጫ ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛውና አስቸጋሪው ደግሞ ለጥያቄው ይስማማሉ የተባሉትን ገጾች በቅደም ተከተል መደርደር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበሩት የፍለጋ ሞተሮች ገጾችን የሚደረድሩት በዋናነት የተፈለገው ቃል ስንት ጊዜና በየትኛው የገጹ ክፍል እንደ ተጻፈ በማየት ነበር። የድረ ገጽ ባለቤቶች ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንዱን ቃል መቶ ጊዜ መደጋገም፣ እንዲያውም አንባቢ እንዳያየው በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ የተለመደ ዘዴ ሆነ። ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረው ብቻ የሚታመን ከሆነ ብዙ የሚያወራ ሁሉ ይቀድማል።

መፍትሔው የመጣው ኢንተርኔት ከመፈጠሩ በፊት ከታሰበ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የሳይንስ ጽሑፎችን ማን ማንን እንደ ጠቀሰ በሚያሳይ ማውጫ ማደራጀት እንደሚቻል አሳየ። በ1976 ገብርኤል ፒንስኪና ፍራንሲስ ናሪን አንድ እርምጃ ጨመሩበት፤ በራሱ ብዙ ከሚጠቀስ መጽሔት የሚመጣ ጥቅስ ብዙም ከማይጠቀሰው ከሚመጣው ይበልጥ ሊመዝን ይገባል አሉ። ይህን ሐሳብ ወደ ድረ ገጾች ካሻገሩት ሰዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 ራንክዴክስ የተባለውን የፍለጋ ሞተር የሠራው ሮቢን ሊ፣ እንዲሁም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጆን ክላይንበርግ ይገኙበታል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ፔጅራንክ የተባለ ስሌት ነው። በዚያው ዓመት ጉግልን ያቋቋሙትም በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርተው ነው።

የስሌቱ መነሻ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ማያያዣ ለዚያ ገጽ የተሰጠ ምስክርነት ነው የሚል ነው። ይሁንና ጥሩ ዳኛ የምስክሮችን ብዛት ብቻ ቆጥሮ አይፈርድም፤ የምስክሩን ማንነትም ይመረምራል። ምስክሩን ደግሞ ማን ይመሰክርለታል? ይህ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ጥያቄ በሒሳብ መልስ አለው።

የምስክርነት ሒሳብ

ኢንተርኔት በሙሉ ሦስት ገጾች ብቻ ያሉት ነው ብለን እናስብ፦ ሀ፣ ለ እና መ። ገጽ ሀ ወደ ለ እና ወደ መ ያመለክታል፤ ገጽ ለ ወደ መ ብቻ፤ ገጽ መ ደግሞ ወደ ሀ ብቻ። አሁን 60 ጎብኚዎችን በየገጹ ሃያ ሃያ አድርገን እናስቀምጥ። በእያንዳንዱ ዙር ጎብኚዎቹ ካሉበት ገጽ ማያያዣ ተከትለው ይወጣሉ፤ ማያያዣዎቹ ሁለት ከሆኑ እኩል ይከፈላሉ።

በመጀመሪያው ዙር በሀ ከነበሩት 20 ጎብኚዎች 10 ወደ ለ፣ 10 ወደ መ ይሄዳሉ፤ በለ የነበሩት 20ዎቹ ወደ መ፣ በመ የነበሩት 20ዎቹ ወደ ሀ ይሻገራሉ። ስለዚህ ሀ 20፣ ለ 10፣ መ 30 ጎብኚዎች ይኖሯቸዋል። በሁለተኛው ዙር 30፣ 10 እና 20፣ በሦስተኛው ዙር 20፣ 15 እና 25 ይሆናሉ። ስሌቱን የቀጠለ ሰው ቁጥሮቹ እየተቀራረቡ ሄደው ሀ 24፣ ለ 12፣ መ 24 አካባቢ እንደሚረጉ ያያል። ከዚያ በኋላ ጎብኚዎቹ ቢንቀሳቀሱም የየገጹ ብዛት አይለወጥም። ሊኒየር አልጀብራ የተማሩ አንባቢያን ይህ የረጋ ድልድል በአንድ ማትሪክስ አይገንቬክተር የሚገኝ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚህ ትንሽ ምሳሌ ሁለት ነገሮች እንማራለን። ሀ እና ለ እያንዳንዳቸው አንድ ምስክር ብቻ አላቸው፤ ሆኖም ሀ የለን እጥፍ አግኝቷል። የሀ ምስክር ምስክርነቱን ሳይከፍል ለእርሱ ብቻ ሲሰጥ የለ ምስክር ለሁለት አካፍሎታልና። እንዲሁም ሁለት ምስክሮች ያሉት መ አንድ ብቻ ካለው ሀ አልበለጠም። ማያያዣ በቁጥር ብቻ አይለካም ማለት ነው።

በእውነተኛው ኢንተርኔት ላይ ግን አንድ ችግር አለ። ሁለት ገጾች እርስ በርሳቸው ብቻ ቢያመለክቱ ወደ እነርሱ የገባ ጎብኚ ሁሉ ወጥመድ እንደ ያዘው ይቀራል። በመሆኑም ፔጅና ብሪን ጎብኚው 85 ከመቶ በሚሆን ዕድል ማያያዣ እንዲከተል፣ በቀሪው 15 ከመቶ ግን እንደ ሰለቸው ሰው ወደ ማንኛውም ገጽ በዕጣ እንዲዘል አደረጉ። 322 ሚሊዮን ማያያዣዎች ባሉት ስብስብ ላይ ሲሞክሩት ስሌቱ በ52 ዙር ያህል ረግቷል።

ማያያዣው የተጻፈበት ቃል

ማያያዣ ከአቅጣጫ ሌላ ቃልም ይዞ ይሄዳል። አንባቢው የሚጫነው ሐረግ የሚያመለክተው ስለሚደረስበት ገጽ ነውና የፍለጋ ሞተሮች ለዚያ ገጽ እንደ መግለጫ ይወስዱታል። የዚህን ኃይል እ.ኤ.አ. በ2003 የተደረገ አንድ ዘመቻ አሳይቷል። በርካታ ሰዎች በእንግሊዝኛ "አሳዛኝ ውድቀት" የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ተጠቅመው ወደ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የሕይወት ታሪክ ገጽ አመለከቱ። ሐረጉ በገጹ ላይ ፈጽሞ ባይኖርም ገጹ ለዚያ ፍለጋ የመጀመሪያው ውጤት ሆነ። ጉግል ይህን መሰል ዘመቻ የሚያከሽፍ ማሻሻያ ያደረገው በጥር 2007 ነው።

ለአማርኛ ይህ ጉዳይ የተለየ ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላም ብዙ የአማርኛ ጽሑፎች በምስል መልክ ወይም በየራሳቸው የፊደል ቅርጽ ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። የፍለጋ ሞተር የገጹን ቃላት ማንበብ በማይችልበት ጊዜ ስለ ይዘቱ ከሚያገኛቸው ጥቂት ፍንጮች አንዱ የማያያዣው ቃል ነው። ከዚህም ሌላ አንዱ "ፀሐይ" ሲል ሌላው "ጸሀይ" ብሎ ስለሚጽፍ፣ በተለያየ ሆሄ የተጻፉ ማያያዣዎች ገጹን ለተለያዩ ፈላጊዎች ሊያቀርቡት ይችላሉ። "እዚህ ይጫኑ" የሚል ማያያዣ ግን ይህን ሁሉ ያባክናል።

የሐሰት ምስክሮች

ምስክርነት ዋጋ ባለው ቦታ ሁሉ የሐሰት ምስክር አይጠፋም። ወደ ስሌቱ እንመለስና የአማካይ ገጽን ክብደት 1 እናድርገው። ማንም የማያመለክትበት ገጽ በዕጣ ከሚዘሉት ጎብኚዎች ብቻ 0.15 ያህል ያገኛል፤ ከዚህም ላይ 85 ከመቶውን፣ ማለትም 0.1275 ወደሚያመለክትበት ገጽ ያስተላልፋል። ይህ ከምንም አይቆጠርም። ነገር ግን አንድ ሰው 1000 ባዶ ገጾችን ፈጥሮ ሁሉንም ወደ አንድ ገጽ ቢያመለክት 0.1275 በ1000 ተባዝቶ 127.5 ይሆናል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንዲሉ፣ ምንም ክብደት የሌላቸው ገጾች ተባብረው አንዱን ከአማካዩ ገጽ ከመቶ ጊዜ በላይ ከፍ አደረጉት። የማያያዣ እርሻ የሚባለው ይህ ነው። ማያያዣ መግዛትና መሸጥ፣ በማይገናኝ ጉዳይ "አንተ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ አንተ" መባባልም የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

የፍለጋ ሞተሮች በየጊዜው መከላከያ አበጅተዋል። በጥር 2005 ጉግል፣ ያሁና ኤምኤስኤን "ይህ ማያያዣ ምስክርነት አይደለም" የሚል ትርጉም ያለውን ኖፎሎው የተባለ ምልክት በጋራ ተቀበሉ። በየካቲት 2011 ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጄ.ሲ. ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ የመደብር ድርጅት በብዙ የሸቀጥ ስሞች አንደኛ የወጣው ጉዳዩ በማይመለከታቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች ላይ በተበተኑ ማያያዣዎች መሆኑን አጋለጠ። ድርጅቱ እንደማያውቅ ገልጾ የፍለጋ አማካሪውን አሰናበተ፤ ጉግል ግን ደረጃውን በእጅጉ ዝቅ አደረገው። በሚያዝያ 2012 ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ ይህን ቅጣት በኮምፒውተር ስሌት የሚፈጸም አደረገው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የዋናው ስሌት አካል ሆኖ ሐሰተኛ ማያያዣዎችን ዋጋ ቢስ ያደርጋል። ስለዚህ ዛሬ "1000 ማያያዣ በጥቂት ገንዘብ" የሚል ማስታወቂያ ያየ ተማሪ የሚገዛው በመልካሙ ጊዜ ዜሮ፣ በክፉው ጊዜ ቅጣት መሆኑን ይወቅ።

በሐቅ የሚሠራ ማያያዣ

ታዲያ የመድኃኒት ዕፅዋቱን ገጽ ያዘጋጁት ተማሪዎች ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ሌላው ሰው ሊጠቅሰው የሚገደድበትን ነገር ያቅርቡ። በሌላ ቦታ የሚገኝን መረጃ ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ፣ የዕፅዋቱን የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ስሞች ከሳይንሳዊ ስማቸው ጋር ያስተካከለ ሠንጠረዥ ብዙ ምስክር ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ለሚጠቅማቸው ሰዎች ያሳውቁ። የባዮሎጂና የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍትና የሙያ ማኅበራት ጠቃሚ ገጾችን የሚዘረዝሩበት ቦታ ካላቸው በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለውም። በጉዳዩ ላይ ከሚሠራ ተቋም የተገኘ አንድ ማያያዣ ከመቶ ተራ ማያያዣዎች ይልቃል።

ሦስተኛ፣ የገጻቸውን አድራሻ አይለዋውጡ። ድረ ገጽ በአዲስ መልክ ሲሠራ አድራሻው ከተቀየረ ለዓመታት የተሰበሰበው ምስክርነት ሁሉ ወደ ባዶ ቦታ ያመለክታል። ይህ ብዙ ተቋማት ሳያውቁት የሚደርስባቸው ኪሳራ ነው። መለወጥ ግድ ከሆነ የቀድሞውን አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚነት የሚያዞር ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ መስጠት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ውስጥ ያሉትን ገጾች ገላጭ በሆኑ ቃላት እርስ በርስ ያያይዙ፤ የተጠቀሙባቸውን የሌሎች ሥራዎችም በማያያዣ ይጥቀሱ። ሁሉም ምስክርነት ፈላጊ እንጂ ሰጪ ካልሆነ የአማርኛው ድር አይደራም።

ማጠቃለያ

ማያያዣ ብቻውን ደረጃን አይወስንም። የጽሑፉ ከጥያቄው ጋር መስማማት፣ ቋንቋው፣ ወቅታዊነቱ፣ ፈላጊው ያለበት ቦታና ሌሎች ብዙ መለኪያዎች አብረው ይሠራሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የፍለጋ ሞተሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ከውጤቶቹ በላይ ማቅረብ ጀምረዋል፤ ይህም ቢሆን ምንጭ መምረጥን የግድ ይላል።

የፍለጋ ሞተር ስለ ዕፅዋት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የቱ መጠን እንደሚፈውስ፣ የቱ እንደሚገድል ቀምሶ አይለይም። ፍርዱን የሚሰጠው እኛ በጻፍነውና በመሰከርነው ላይ ተመሥርቶ ነው። በትክክለኛው ገጽ ላይ የሚመሰክር ሰው ከጠፋ የተሳሳተው ከላይ ይቀመጣል። እንግዲህ አንባቢያን ድረ ገጽ ባይኖራቸው እንኳ፣ ጥሩ ሥራ ባገኙ ጊዜ ከነአድራሻው ጠቅሰው ሌላውን ወደ እርሱ መምራትን ልማድ ቢያደርጉት ለማያውቁት ፈላጊ ሁሉ ውለታ ውለዋል።