ሁለት መቶ ሲዲ በአንድ ሣጥን

አንባቢ ሆይ፣ በሚሠሩበት ቢሮ ወይም በሚማሩበት ትምህርት ቤት ሲዲ የሞላበት መደርደሪያ ካለ፣ አንዱ ሲዋስ ሌላው እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ አይተው ይሆናል። እኔ በልደታ በማስተምርበት ቤት ይህን በየሳምንቱ አያለሁ።

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ ትምህርቱ በሳተላይት የሚመጣው በተወሰነለት ሰዓት ነበር፤ መብራት ከጠፋ ያ ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። በቤቱ ኔትወርክ ላይ የተቀመጠ ሲዲ ግን መብራቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ኢንተርኔትም አያሻውም።

በፈረንጆች 1990ዎቹ ለዚህ ሥራ የሚገዛው ብዙ የሲዲ ማንበቢያ የተደራረበበት ግንብ መሰል ሣጥን ነበር። ዛሬ በርካሽ ቢያገኙትም አይግዙት። ማንበቢያው አንዲት የብርሃን ዓይን ብቻ ስላለችው፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቃት ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ ሁለቱንም ታጉላላለች።

ይልቅስ ሲዲዎቹን ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። አንዱ ሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል ቢይዝ፣ 200ው 140 ጊጋባይት ያህል ነውና ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ይተርፈዋል። ሲዲው ካልገባ አልከፈትም ለሚል ፕሮግራም፣ አይሶ የሚሉትን የሲዲውን ሙሉ ምስል ያስቀምጡ።

ኮምፒውተሩ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም፤ ፋይል ማደል ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ሊኑክስና ሳምባ የተባሉት ፕሮግራሞችም በነፃ ይገኛሉ። ዲስኩ ግን ያገለገለ አይሁን! ገንዘብዎን ለሁለት አዲስ ዲስኮችና ለአንድ ዩፒኤስ ያውሉ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ ከያዙ፣ አንዱ ቢሞት ሥራው አይቋረጥም። በስሕተት የተደመሰሰ ፋይል ግን ከሁለቱም ስለሚጠፋ፣ ሦስተኛ ቅጂ በሌላ ቤት ይኑር። ዩፒኤሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል።

ስዊቹ አሮጌው ባለ 100 ሜጋቢት ቢሆንም አያሳፍርም። የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 1.4 ሜጋቢት ያህል ብቻ ስለሚፈልግ፣ ሃያ ሰው ቢያዳምጥ 28 ነው። ሙዚቃን ካነሣን ዘንድ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲንና የከዋኝን መብት ይጠብቃልና ለቢሮው ሁሉ ከማደልዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ።

መገልበጡን ከተቧጨሩት ይጀምሩ። ላፕቶፖች ያለ ሲዲ ማንበቢያ መሸጥ ከጀመሩ ቆይቷል፤ ደኅና ማንበቢያ ያለው ወዳጅ ካለዎት በዚህ ሳምንት ያነጋግሩት።