ቴፕ ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁ የት እንደጠፋ ፈልጉ

የመኪና ድምፅ ሲቀንስ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቴፑ ደክሟል፣ ይቀየር»። ተቀይሮም ድምፁ ያው ከሆነ «ስፒከሩ ነው» ይባላል። ቀጥሎ አምፕሊፋየር ይመጣል። እንዲህ በየተራ የምንከፍለው ለምርመራ ሳይሆን ለግምት ነው። ድምፁ ከስልካችን ተነስቶ ጆሯችን እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹንም በነፃ መፈተሽ ይቻላል። ስለዚህ ከነፃው ጀምራችሁ ወደ ውዱ ሂዱ።

የመጀመሪያው ፈተና ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በብሉቱዝ የምትሰሙትን ሙዚቃ አቁሙና ሬዲዮ ክፈቱ። ቮልዩሙን ሳትነኩ ሸገር 102.1 ወይም ፋና 98.1 ላይ አድርጋችሁ ስሙ። ሬዲዮው ጮክ ብሎ ከመጣ ስፒከሩም፣ ሽቦውም፣ የቴፑ ማጉያም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ስልኩ ወይም ግንኙነቱ ጋ ነው። ይቺን ሳይሞክር ዳሽቦርድ መፍታት የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።

ስልኩ ጋ ከሆነ፣ ብሉቱዝ ላይ ሁለት ቮልዩም እንዳለ አስታውሱ፤ አንዱ የስልኩ፣ አንዱ የመኪናው። ሁለቱ የማይናበቡባቸው ቴፖች ብዙ ናቸው። ስልኩ ግማሽ ላይ ተቀምጦ ቴፑን እስከ ጥግ ብታዞሩት የምታጎሉት ከመጀመሪያው የደከመ ድምፅ ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ የስልኩን ቮልዩም ጨምሩ፤ ሙዚቃው ቆሞ ከሆነ የጥሪውን ድምፅ እየጨመራችሁ ሊሆን ይችላል። አንድሮይድ ላይ ይሄም ካልሠራ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩ የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይከፈታሉ። እዚያ ውስጥ «ዲሴብል አብሶሉት ቮልዩም» የሚለውን አብሩና ስልኩን አጥፍታችሁ አስነሱት፤ የስልኩና የቴፑ ቮልዩም ይለያያሉ። አይፎን ከሆነ ብሉቱዝ ውስጥ ከመኪናው ስም ጎን ያለችውን ምልክት ነክታችሁ የመሣሪያውን ዓይነት «ካር ስቴሪዮ» በሉት። ስልኩ መኪናችሁን ኢርፎን ነው ብሎ ካሰበ ለጆሮ ጥበቃ የተቀመጠው ገደብ ድምፁን ሊይዝባችሁ ይችላል።

ሬዲዮውም ደካማ ከሆነ ወደ ቴፑ እንሂድ። ባላንስና ፌደር መሀል ላይ መሆናቸውን እዩ። ፍጥነት ስትጨምሩ ድምፁ ከፍ፣ ስትቆሙ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ «ኤ ኤስ ኤል» የሚባል ይሄንኑ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፣ ማጥፋት ይቻላል። ቮልዩም ስትቀንሱ ወደ ላይ የሚዘልባችሁ ከሆነ በመሪው ላይ ባለው ቁልፍ ወይም በሪሞት ሞክሩት። በዚያ ልክ ከሠራ ያረጀችው ወይም አቧራ የበላችው መዞሪያዋ ብቻ ናት። ለእሷ ብሎ ቴፕ አይቀየርም።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፤ ቤዙ የጠፋ ድምፅ። ሰፈራችን በቪትዝ የትራንስፖርት ሥራ የሚሠራ ልጅ አለ። አዲስ ስክሪን ቴፕ ካስገጠመ በኋላ «ድምፁ አለ፣ ግን ልብ የለውም» አለኝ። የገጠሙለት ሰዎች ሰብውፈርና አምፕሊፋየር ጨምር ብለውታል፤ እሱ እንዳሰላው የሦስት ሳምንት ትርፉ ነው። መኪናው ያለው ከፊት ሁለት ስፒከር ብቻ ነው። ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ወሰድነው፤ ቤዙ መጣ። ወደ ቀኝ ወሰድነው፤ መጣ። መሀል ስንመልሰው ጠፋ! ይሄ የሚሆነው የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲገላበጥ ነው። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ዝቅተኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት ሽቦ ተቀያየረ፣ አለቀ።

ይሄ ስህተት እኛ ጋ ቢበዛ አይገርምም። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ዓመታት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነበር፣ የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ ተጠቅሞበት የመጣ መኪና ቴፑ ይነሳል። የመኪናው ሶኬት ከአዲሱ ቴፕ ጋር ስለማይገጥም፣ አገናኙን በመግዛት ፋንታ ሽቦው ተቆርጦ በእጅ ይጠማዘዛል። ከገበያ በሚገዙ ቴፖች ላይ ጥቁር መስመር ያለበት የስፒከር ሽቦ ኔጋቲቭ ነው፤ የመኪናው ሽቦ ቀለም ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። መሳሳት እዚያ ጋ ይጀምራል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈው ጽሑፍ ነበር፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል ይላል። ሰውዬው በ2001 ኖቤል ተሸልሞበታል። ቴፕ ቤት ገብቶ ካርቶኑ ላይ «50 ዋት × 4» የሚለውን ያነበበ ሁሉ ግን አከርሎፍ አያስፈልገውም። ያ ቁጥር የቅጽበት ጫፍ ነው። የመኪና መብራት 14 ቮልት ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ተራ ቴፕ ለአንድ 4 ኦም ስፒከር ሳይቋረጥ የሚሰጠው 20 ዋት አካባቢ ነው። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለ«ትልቅ ቁጥር» ብሎ ቴፕ መቀየር ብዙ ከፍሎ ትንሽ ማግኘት ነው።

ገንዘብ የሚያስወጡ እውነተኛ ብልሽቶችም አሉ። ስፒከሩ ከሽቦው ተነጥሎ በቴስተር ሲለካ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 4 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ትልቅ መብራት ስታበሩ ድምፁ የሚወርድ ከሆነ ማሳው በደንብ እንዳልታሰረ ጠርጥሩ። ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚያፏጭ ከሆነም ማሳውና የዲናሞው መስመር ይታይ። ቴፑ ከጮኸ በኋላ ግሎ የሚጠፋ ከሆነ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን ታስሮ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለት 4 ኦም ሲጣመሩ 2 ይሆናሉ፣ ብዙ ቴፖች ይሄን አይችሉም።

ቴፑ ከመውጣቱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነሳ። ለስፒከር የበር ሽፋን የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ትርፍ ክሊፕ ገዝታችሁ ሂዱ፤ አንዱ መሰበሩ አይቀርም።