ቦኩ ሸነን፤ እንፋሎት የሚወጣበት የአዳማ ጫፍ

አዳማን «ሜዳ ናት» የሚል ሰው ከመናኸሪያው አካባቢ ርቆ አያውቅም። ቀና ብሎ ዙሪያውን ላየ፣ ከተማዋ የተቀመጠችው ኮረብታ በከበበው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሰው ቤት ድረስ የሚገባውም ለዚሁ ነው። በደቡብ በኩል ካሉት ከፍታዎች አንዱ ቦኩ ነው፤ ሰፈሩም ቦኩ ሸነን ይባላል። በኦሮምኛ «ቦኩ» አባ ገዳው የሚይዘው የሥልጣን በትር ሲሆን «ሸነን» ደግሞ «አምስቱ» ማለት ነው።

ኮረብታው እሳተ ገሞራ ነው። ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ፈንድቶ አናቱ ወደ ውስጥ ሰምጧል። መንገድ ላይ ድንጋይ ቢያነሱ ከጠበቁት በላይ ይቀልልዎታል፤ ያኔ ያመለጠው ጋዝ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎት ሄዷል። አልፎ አልፎ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባልጩት ያጋጥማል። ልጅ ይዘው ከሆነ እጁን ይጠብቁ፤ ይቆርጣል።

ሰው ወደ ቦኩ የሚወጣው ግን ለእንፋሎቱ ነው። የመሬቱ ሆድ ገና አልበረደም። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ይወርዳል፤ ትኩስ አለት ሲያገኝ ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይመለሳል። ማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ ከቋጥኙ መሃል እንደ ጭስ ሲትጎለጎል ይታያል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ዓይን አይይዘውም፤ እጅ ሲዘረጉ ብቻ ነው የሚታወቀው። ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ቁርጥማቴን የሚል ሁሉ እየመጣ ይታጠነዋል። መነጽር ያደረገ ሰው ገና ሲጠጋ ምንም አይታየውም፤ ጥቂት ቆይቶ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ማዳኑን ለሐኪም እተወዋለሁ። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሳያማክር ባይሞክረው ይሻላል።

ከከፍታው ወደ ደቡብ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ተዘርግቷል። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ እዚያ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ወንጂ ስኳር ናት፤ ለጂኦሎጂ ሰዎች ግን የስምጥ ሸለቆውን ወለል እየሰነጠቀ የሚሄደው መስመር መጠሪያ ናት። በዓለም ዙሪያ «የወንጂ ስንጥቅ ቀጠና» ይሉታል፤ የቦኩም እንፋሎት መውጫ ያገኘው በዚሁ መሰነጣጠቅ ነው።

ወደ ሰሜን ሲዞሩ ከተማዋ ከእግር በታች ትሆናለች። ከእሷ ባሻገር ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ፤ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተተክለው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ ሰው አዳማ መቃረቡን የሚያውቀው በእነሱ ነው። ያኛው ኮረብታ ነፋሱን ለመብራት ሰጥቷል፤ የቦኩ ሙቀት እስካሁን የሚያገለግለው ላብ ለማውጣት ነው።

ለመሄድ ካሰቡ በጠዋት ይውጡ፤ ቅያሪ ልብስና የሚጠጣ ውሃም አይርሱ።