ዮናስ ከሌለ አደጋውን ማን አስቀረው?

መጀመሪያ አንድ ማሳሰቢያ። «ዳርክ» የተባለውን የጀርመን ተከታታይ ፊልም ጀምረው ካልጨረሱት ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን ያቆዩት። መጨረሻውን ዘርዝሬ ልነግርዎት ነው።

ነገሩን ያስነሳብኝ ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ሻይ ስጠጣ የሰማሁት ክርክር ነው። ሙቀቱ በረድ ብሎ ነበር። ሦስት ተማሪዎች አንድ ስልክ ከበው፣ አማርኛውን ከኑዌርኛ እየቀላቀሉ ይከራከራሉ። አንደኛው «ዮናስ ከጠፋ አደጋውን ማን አስቀረው?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሌላው «ፊልሙ መልሶታል፣ አንተ አላስተዋልክም» ይለዋል። ሻያቸው ቀዘቀዘ፤ እነሱ ግን አልተስማሙም።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ቪንደን የምትባል የልብ ወለድ ከተማ አለች። ልጆች ይጠፋሉ። ለካ ከከተማዋ ዋሻ ውስጥ 33 ዓመት ወደኋላ ወይም ወደፊት የሚያሻግር መተላለፊያ ኖሯል። ሰዎቹ በፈረንጆቹ 1953፣ 1986 እና 2019 መካከል ይመላለሳሉ። በእኛ አቆጣጠር 1946፣ 1979 እና 2012 መሆኑ ነው። ስሞቹ ደግሞ ለጆሯችን እንግዳ አይደሉም፤ ዮናስ፣ ማርታ፣ ሐና፣ ኤልሳቤጥ፣ አዳም።

ለምን 33 ተባለ? ረመዳንን ያስቡ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ጾሙ በየዓመቱ ይቀድማል። አንድ ዓመት ክረምት ላይ የዋለ ረመዳን ዞሮ ወደዚያው ወቅት ለመመለስ 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ፊልሙ የተጠቀመው ይህንኑ የፀሐይና የጨረቃ ዙር ነው።

በጊዜ መጓዝ በእውን ይቻላል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ወደፊት በጥቂቱም ቢሆን ይቻላል። በስልክዎ ካርታ ላይ ያሉበትን ቦታ የሚያሳዩት ሳተላይቶች ሰዓታቸው ከእኛ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ማይክሮ ሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። ይህ ልዩነት ባይታረም ካርታው በአንድ ቀን ውስጥ በኪሎ ሜትሮች ይሳሳት ነበር። ወደኋላ ግን የሄደ የለም።

ሐሳቡም ለእኛ አዲስ አይደለም። በተረፈ ባሮክ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ለቅሞ ሲመለስ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ይላል። ሲነቃ 66 ዓመት አልፏል፤ በለሱ ግን ገና ትኩስ ነው። 66 የ33 እጥፍ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ግን ይደንቀኛል። አቤሜሌክ ታዲያ ወደፊት እንጂ ወደኋላ ስላልሄደ ማንንም አላጋጨም። ጠብ የሚመጣው ወደኋላ ሲኬድ ነው።

ወደኋላ ሲኬድ ምን ይሆናል? በ«ዳርክ» ሕጉ ጥብቅ ነው፤ የሆነው ሁሉ መሆኑ አይቀርም። ለመለወጥ የሚሄደው ሰው ራሱ ያንኑ ነገር ያመጣዋል። ኤልሳቤጥ የሻርሎት ልጅ ናት፤ ሻርሎት ደግሞ የኤልሳቤጥ ልጅ ናት። አንዷ ሌላዋን ወልዳለች፤ መጀመሪያ የላቸውም። ፊልሙ ይህን «ቋጠሮ» ይለዋል። ጫፉ የማይገኝ የክር ቋጠሮ አድርገው ይሳሉት።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል እንምጣ። ቋጠሮው የተጀመረው ከቋጠሮው ውጭ መሆኑ ይገለጣል። ሌላ ዓለም አለ፤ የመጀመሪያው ዓለም። እዚያ ታንሃውስ የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1971፣ በእኛ 1964፣ ወንድ ልጁን፣ ምራቱንና ሕፃን የልጅ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣል። እነሱን ለመመለስ ለዓመታት ለፍቶ የሠራውን ማሽን በ1986 ሲያስነሳ ዓለሙ ለሁለት ይሰነጠቃል። የፊልሙ ዋና ሰዎች ዮናስና ማርታ ናቸው፤ እሱ ከአንደኛው፣ እሷ ከሁለተኛው። ሁለቱ ተያይዘው ወደዚያች ዝናባማ ሌሊት ይሄዳሉ፤ መኪናውን ያስቆማሉ፤ ድልድዩ ተዘግቷል ይላሉ። ልጅየው ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል። ታንሃውስ ሐዘን ስላልደረሰበት ማሽን አይሠራም። ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። ሁለቱ ዓለማት ከነሰዎቻቸው ይጠፋሉ፤ ዮናስና ማርታም እንደ ብናኝ ብርሃን ይበተናሉ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን በሻይ ብርጭቆ አሳየ። ሦስት ብርጭቆ ደረደረ። መካከለኛው የመጀመሪያው ዓለም ነው፤ ግራና ቀኙ ስንጥቆቹ። ሁለቱን አነሳና ከወንበሩ ሥር አስቀመጣቸው። «በቃ፣ መካከለኛው ብቻ ቀረ።» ጓደኛው የጠየቀው ጥያቄ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። «ብርጭቆዎቹን ያነሳው እጅስ የማን ነው?»

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ዮናስ ኖሮ የማያውቅ ከሆነ መኪናውን ያስቆመ የለም። ያስቆመ ከሌለ አደጋው ደርሷል። አደጋው ከደረሰ ማሽኑ ይሠራል፤ ዮናስም ይኖራል። እንደገና ወደ መጀመሪያው።

የፊልሙ መልስ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ «የሆነው አይቀርም» የሚለው ሕግ የሚሠራው በቋጠሮው ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ዓለም ከዚያ ውጭ ስለሆነ አይገዛውም። ሁለተኛ፣ ዓለም በሚጠፋበት ቅጽበት ጊዜ ለአፍታ ይቆማል፤ ያኔ ምክንያትና ውጤት ይላቀቃሉ። ክላውዲያ የተባለችው ሴት መላውን ያገኘችው በዚህች ክፍተት ነው።

ከተከራካሪዎቹ እኔ ከየትኛው ነኝ? መልሱ ከፊልሙ ሕግ ጋር አይጣላም ባይ ነኝ፤ ደራሲዎቹ አላጭበረበሩም። የብርጭቆው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በቀረው ዓለም ውስጥ ሁለት እንግዶች በዝናብ መኪና አስቁመዋል፤ የመጡበት ቦታ ግን የለም። ፊልሙ ይህን እንደ ምሥጢር ትቶት አልፏል። ልክ አድርጓል እላለሁ፤ መሥዋዕትነቱን በስሌት ቢያስረዱን እንዲያ አያስለቅሰንም ነበር።

እዚህ አገር ክርክሩ እስካሁን የዘለቀበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። የመጨረሻው ሲዝን የወጣው ሰኔ 20 ቀን 2012 ነው፤ በታሪኩ ዓለም የምትጠፋበት ቀን። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ጋር ተያይዞ፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ገደማም ቆየ። በዚያ ሐዘንና ስጋት መካከል ፊልም ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እኔም መጨረሻውን ያየሁት ዘግይቼ፣ የሚያወራኝ ሰው በሌለበት ነው።

ልመልከተው ካሉ ወጪውን አስቀድመው ያስሉ። ሦስቱ ሲዝኖች 26 ክፍል ናቸው፤ በድምሩ ከ20 ሰዓት በላይ። በከፍተኛ ጥራት ሲታይ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ጥራቱን መካከለኛ ላይ ቢያደርጉት ወደ 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ በስልክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲያገኙ አውርደው ቢይዙት ይመረጣል።

አንዴ ያዩት ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል ማብቂያ ብቻ ይድገሙት። ጓደኛሞች እራት ላይ ተቀምጠዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በጠፋው ዓለም የዮናስ እናት የነበረችው ሐና እዚህ ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዲት ቢጫ የዝናብ ልብስ ታይና ትፈዛለች። ዮናስ የሚለብሰው ዓይነት ነው። ለልጇ ምን ስም እንዳሰበች ሲጠይቋት «ዮናስ» ትላለች። ተማሪዎቹ ተነሥተው ሲሄዱ ገና እዚህ ትዕይንት ላይ አልደረሱም ነበር።