በልጉ ገባ ወይ?

ከጥር መገባደጃ ጀምሮ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። የባጃጅ ሹፌሩ፣ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ፣ ከደጋ ለገበያ የወረዱ ገበሬዎች፣ ሁሉም «ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሥራዬ የአየር ትንበያ ነውና መጠየቄ ደስ ይለኛል። ቅር የሚለኝ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። እዚያ ብዙ ሰው በልግን የሚያውቀው በመጋቢትና በሚያዝያ ድንገት ዣንጥላ የሚያስይዝ ዝናብ አድርጎ ነው።

በአገር ደረጃ ሲሰላ የበልግ ምርት ከዓመቱ እህል ከአሥር እጅ አንዱን ቢሸፍን ነው። በዚህ የተነሣ በልግ በዜና ላይ የክረምቱን ያህል ቦታ አያገኝም። ቁጥሩ ግን አማካይ ነው፤ ደላንታ፣ ለጋምቦና ወረኢሉ በውስጡ ጠፍተው ይቀራሉ። በእነዚህ ደጋማ የወሎ ወረዳዎች የክረምት ሰብል ውሃ ይተኛበታል፣ በረዶ ይመታዋል፣ ከዚያ የተረፈውን ውርጭ ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙው ቤተሰብ ተስፋ የሚያደርገው በየካቲትና በመጋቢት ዘርቶ ክረምቱ ሳይከብድ የሚያጭደውን የበልግ ገብስ ነው።

ወደ ቃሉና ወደ ባቲ ቆላ ሲወረድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ የዓመቱ ማሽላ መሬት የሚገባው በበልግ ዝናብ ነው። እንደ ጅጉርቴና ደጋለት ያሉት የአገር ዘሮች በሚያዝያ ተዘርተው የሚደርሱት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይሆናል። ሚያዝያ በደረቁ ካለፈ ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ማሾ ለመዝራት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ የከብቱም ቀለብ አብሮ ያጥራል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን በሬው ነው። በበጋው ገለባ ብቻ ሲቆረጥም የከረመ በሬ አጥንቱ ይቆጠራል። የበልግ ሣር ካልደረሰለት በሰኔ ቀንበር ለመሸከም አቅም የለውም። በልግ የቀረበት ዓመት ክረምቱ ጥሩ ቢዘንብ እንኳ ማሳው በወጉ ሳይታረስ የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። በወሎ ታሪክ ክፉዎቹ ዓመታት ሁለቱ ዝናቦች ተከታትለው የከዱባቸው ናቸው። የሰባ ሰባቱ የረሃብ እልቂት ሲወሳ 1976 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። በ2007 ዓ.ም.ም በልጉ ከቀረ በኋላ ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምቱን አዳከመው፤ በታኅሣሥ 2008 መንግሥት የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል ያላቸው ሰዎች 10.2 ሚሊዮን ደረሱ።

ታዲያ ይህ ዝናብ ከየት ይመጣል? በበጋው ወራት ወደ እኛ የሚነፍሰው አየር ከየብስ የሚነሣ ደረቅ አየር ነው። ከየካቲት ወዲህ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመለስ በዓረብ ምድር ላይ የነበረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ይገፋል። በዚያን ጊዜ ነፋሱ ከሕንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እርጥበት እየተሸከመ በአፋር በኩል ወደ ተራሮቻችን ይመጣል። ይሁንና ሊጥ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ሁሉ ይህ እርጥበትም ብቻውን ዝናብ አይሆንም። ከሜዲትራኒያን በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ ቀዝቃዛ የላይኛው አየር መጥቶ እርጥቡን ወደ ላይ ሊያነሣው ይገባል። ሁለቱ በወሎና በሰሜን ሸዋ ተራሮች ላይ ሲገናኙ ይዘንባል፤ ሳይገናኙ ሲቀሩ ሰማዩ ደመና አርግዞ ይውላል እንጂ መሬቱ አይርስም። የበልግ ትንበያ ከክረምቱ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም ሩቅ የሚመስል እጅ አለበት። በየካቲትና በመጋቢት በማዳጋስካር አካባቢ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲነሣ ለእኛ ሊደርስ የሚችለውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ሞዛምቢክን በመታበት ሰሞን በምሥራቅ አፍሪካ የወቅቱ ዝናብ አገባብ ዘግይቶ ነበር። ስለዚህ በልግ ሲቃረብ እኔ የማየው ከደሴው ጦሳ ተራራ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይደለም፤ የሳተላይቱን ምስል ከፍቼ እስከ ማዳጋስካር ድረስ እወርዳለሁ።

የወቅት ትንበያችን የሚነገርበት ቋንቋ ሦስት ቃላት አሉት፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዳቸው ከመቶ ስንት የሚል ግምት ይሰጣል። አንድ የኩታበር አባት እነዚህን ቃላት በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ከመደበኛ በታች ስትሉ ይዘንባል ነው አይዘንብም?»

«አባባ፣ ያለፉትን ሠላሳ በልጎች ከደረቁ ጀምረው እስከ እርጥቡ በተርታ ያሰልፏቸው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ከመደበኛ በታች እንላቸዋለን፤ መካከለኞቹን አሥር መደበኛ፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ከመደበኛ በላይ። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከመቶ አርባ አምስት ነው ስንል፣ ዘንድሮ ከደረቆቹ ወገን የመሆኑ ነገር ያመዝናል ማለታችን ነው። ከመቶ ሃምሳ አምስቱ ግን አሁንም ከሌሎቹ ጋር ነው።»

ጥቂት አሰቡና «እሱስ ገባኝ። ገብሱን ልዝራው ወይስ ልቆይ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ነው። የሦስት ወይም የአራት ወር ድምር ዝናብ ለእሳቸው መልስ አይሆንም። ወቅቱ በድምሩ መደበኛ ሆኖ ዝናቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወርዶ ቢያበቃ ገብሱ ይቃጠላል። በድምሩ ትንሽ አንሶ በየሳምንቱ እየመጣ ቢያካፋ ግን ገብሱ ፍሬ ይይዛል። ስለዚህ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ በመካከሉም ስንት ቀን እንደሚያቋርጥ ማወቁ ይበልጣል። በእኛ ሙያ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ይላል፦ በተከታታይ ሦስት ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ቀን የበለጠ ድርቀት ካልገጠመ ዝናቡ ገብቷል። ችግሩ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ የሚታወቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ያንን ክፍተት ለማጥበብ ነው የአሥር ቀን ትንበያና የግብርና ምክር በየጊዜው የምናወጣው።

እኒያ አባት የራሳቸው መለኪያ አላቸው። ከመንገዱ ዳር ወዳለ ማሳ ወሰዱኝና በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ቆፈር ቆፈር አደረጉት። ከላይ አራት ጣት ያህል ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ከሥሩ ግን አመድ የመሰለ ደረቅ አፈር አለ። «እርጥቡ ከሥር እርጥብ ጋር ሳይገናኝ ዘር አልጥልም» አሉ። ዘር ጥለው ደረቁ ንጣፍ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ይበቅልና በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል፤ የሚደገም ዘር ደግሞ የለም። ከየትኛውም ሥልጠና ይበልጥ ወደ መሬት እንዳይ ያደረገኝ ያ ጉድጓድ ነው።

ምክንያቱም እኔ የምለካው የወረደውን ነው፤ ገብሱ የሚጠጣው ግን የሰረገውን ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ጥማድ መሬት በግምት ሩብ ሄክታር ይሆናል፤ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ጥሩ የከሰዓት ዝናብ እዚያ ላይ 62,500 ሊትር ያወርዳል። በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ከሦስት ሺሕ ጀሪካን በላይ ነው። ማሳው እርከን ካለው፣ ከበላዩም ያለው ተራራ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ ሣርና ቁጥቋጦ ከያዘ፣ ብዙው እዚያው ይቀራል። ተራራው የተራቆተ ከሆነ ግን ውሃው አፈሩን ይዞ ወደ ቦርከና ወንዝ ይሮጣል። እንዲህ ባለው ዓመት የእኔ መዝገብ «መደበኛ» ይላል፤ ማሳው ድርቅ ላይ ነው።

በልግ በዚህ በኩል ከክረምቱ ይልቅ አደገኛ ነው። የሚመጣው ከበጋ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሣሩ ተግጦ አልቋል፣ ማሳው ታርሶ ባዶ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነጎድጓድና በበረዶ የሚወርድ ኃይለኛ ነው። ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ፤ ተመራማሪዎች ዝናቡን፣ ጎርፉንና የተሸረሸረውን አፈር ጎን ለጎን ሲለኩ ኖረዋል። ከእንዲህ ያለው ልኬት የምንረዳው፣ በዓመት ከሚታጠበው አፈር ብዙውን የሚወስዱት ጥቂት ከባድ ዝናቦች መሆናቸውን ነው። እነዚያ ጥቂት ቀናት መሬቱን ራቁቱን እንዳያገኙት ማድረግ በእጃችን ነው። የጎፍ ደን ከኮምቦልቻ በላይ ቆሞ ሳየው የተረፈልን ነገር ምን ያህል እንደሆነ ይሰማኛል፤ በዙሪያው ያሉት ራቁት ተረተሮች ግን ያስጨንቁኛል። ችግኝ ስንተክልም ባሕር ዛፍ ብቻ ደርድረን ተራራ አለበስን ማለት የለብንም። ሥሩ ያለ ሣርና ያለ ቁጥቋጦ የቀረ ዛፍ ጎርፉን ብዙም አይዘውም።

ሙቀቱም እየጨመረ ነው። የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰነድ የአገሪቱ ዝቅተኛ የሙቀት መጠን በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲጨምር እንደቆየ ገልጿል። አየሩ ሲሞቅ ከአፈሩ የሚተነው ውሃ ይበዛል፤ ትናንት አሥር ቀን ድርቀት የሚችል ገብስ ነገ ስምንቱን ላይችል ይችላል። የኮምፒውተር ሞዴሎች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ይላሉ፤ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተግባር ሲታይ የቆየው ግን ማነሱ ነው። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ያሉ አርብቶ አደሮች ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩባቸው አይተዋል። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ ተቃርኖ ገና እየተከራከሩ ነው። እኔ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለው ነገር እንዳለ አምናለሁ።

ከእነዚህ አንዱ ልኬት ነው። በአገራችን የሜትሮሎጂ አገልግሎት በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ እስኪቋቋም ድረስ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ብዙዎቹ ዋና ጣቢያዎች ዛሬም በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በከተሞችና በአውራ መንገዶች ዳር ናቸው። የበልግ ዝናብ ደግሞ ከአንዱ ተረተር ዘንቦ ማዶውን ዘሎ የሚያልፍ ነው። የእኔ ጣቢያ 18 ሚሊ ሜትር ሲመዘግብ ከተራራው ጀርባ ያለ ቀበሌ ጠብታ ላያይ ይችላል። ሳተላይት ይረዳል፤ የተራራ ዝናብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የሚያርመውም መሬት ላይ ያለ ልኬት ነው።

በየትምህርት ቤቱና በየገበሬ ማሠልጠኛው ይህን መጀመር ይቻላል። ጎኑ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ቆርቆሮ ጣሳ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ባለ ሜዳ፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው በእንጨት ላይ ታስሮ ይቀመጥ። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በማስመሪያ የውሃው ጥልቀት በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ከዚያ ይደፋ። እኛም በጣቢያው የምናነበው በዚያው ሰዓት ነው። ምንም ያልዘነበበትም ቀን «0» ተብሎ ይጻፍ፤ የድርቀቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ መጠኑና የዘር ቀኑ ጎን ለጎን ከሰፈሩ፣ ከጥቂት በልጎች በኋላ ያ ቀበሌ ስለ ራሱ ዝናብ ከእኔ ካርታ የሚሻል ነገር ይነግረኛል።