የመኪና እግር ሲንኳኳ

የመኪና እግር ወይም ሰስፔንሽን ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ፣ የመንገዱን ምት የሚያበርድ፣ ጎማው ከመሬት እንዳይለቅም የሚጠብቅ ክፍል ነው። ክብደቱን ሞላ ወይም ባሌስትራ ይሸከማል፤ የሞላውን ዝላይ ሾክ አብዞርበር ያረግበዋል፤ ጎማው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን አቅጣጫ ኮንትሮል አርም የሚባሉት ክንዶች ይወስናሉ። ክንዶቹ በአንድ ጫፋቸው በጎሚኒ ከሻንሲው፣ በሌላው ጫፋቸው በቦል ጆይንት ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይገናኛሉ። ስታቢላይዘር የሚባለው ዘንግ ደግሞ የግራና የቀኙን ጎማ አያይዞ መኪናው ኩርባ ላይ ከመጠን በላይ እንዳያጋድል ይይዛል።

ጤነኛ እግር አይንኳኳም። ሁለት ብረቶች ተገናኝተው በሚንቀሳቀሱበት ቦታ ሁሉ በመካከላቸው ጎሚኒ፣ ግራሶ ወይም ዘይት አለ። ጎሚኒው ሲሰነጠቅ፣ ግራሶው ሲደርቅ ወይም የቦል ጆይንቱ ኳስ ቤቱ ውስጥ ሲላላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁ የሚወጣው ከዚያ ክፍተት ነው። ክፍተቱ በዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ ግን የመኪናውን ባለቤት ዕረፍት ይነሳል።

ይህን ክፍተት ማግኘት በጋራዥ ውስጥ ተገቢውን ክብር ካላገኙት ሙያዎች አንዱ ነው። ሞተር አውርዶ የሚያድስ መካኒክ ስሙ ይነሳል። ብዙ ዕቃ ተቀይሮለት ያልጠፋን ኳኳታ በአንዲት ትንሽ ዘንግ የሚያስወግድ መካኒክ ግን የቀየረው ዕቃ ርካሽ ስለሆነ ሥራውም ርካሽ ይመስላል። የተከፈለበት ዕቃው ሳይሆን ፍለጋው መሆኑን የሚረዳ ደንበኛ ጥቂት ነው።

ጆሮ ለምን ይሳሳታል

የመኪና አካል እርስ በርሱ የተበየደ ብረት ስለሆነ ድምፅን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሳል። ከኋላ ጎማ የተነሳ ምት በወለሉ በኩል አልፎ ሹፌሩ እግር ሥር የተፈጠረ ሊመስል ይችላል፤ የግራው ኳኳታ ከቀኝ የመጣ መስሎ መሰማቱም የተለመደ ነው። ስለዚህ ድምፁ «ከየት» ተሰማ የሚለው ደካማ ማስረጃ ነው። «መቼ» ተሰማ የሚለው ግን ብዙ ይናገራል፤ እያንዳንዱ የእግር ክፍል ሸክም የሚያርፍበት የራሱ ጊዜ አለውና።

መኪናውን ጋራዥ አቁሞ «እግሩ ይንኳኳል፣ እዩልኝ» ብሎ መሄድ መካኒኩን ለግምት ማጋለጥ ነው። ባለቤቱ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙ አይደሉም። በምን ያህል ፍጥነት? በጥቃቅን ድንጋይ ላይ ወይስ በአንድ ትልቅ ጉድጓድ? ፍሬን ሲያዝ፣ ሲለቀቅ ወይስ መሪ ሲዞር? ጠዋት መኪናው ሲነሳ ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሰው ሲሞላበት ወይስ ባዶውን? እነዚህን የመለሰ ሰው የፍለጋውን ግማሽ ሠርቷል።

ከሁሉ በፊት እግር ያልሆነው ይወገዳል። የኋላ ሻንጣው ባዶ ይደረጋል፤ ያልታሰረ ክሪክ ወይም ትርፍ ጎማ የተበላሸ ሾክ መስሎ ይንኳኳል። የጎማ ዳዶዎች ይጠበቃሉ፤ የላላ ዳዶ አደጋ ስለሆነ ይህ ለነገ አይባልም። በጥቃቅን ምት ላይ የሚሰማው ድምፅ ፍሬን በቀስታ ሲነካ ወዲያው ዝም የሚል ከሆነ የፍሬን ሸራው ቤቱ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል።

የድምፁ ዓይነት

«ሲጥ ሲጥ» የሚል ድምፅ የደረቀ ወይም ያረጀ ጎሚኒ ምልክት ነው። በተጠረጠረው ጎሚኒ ላይ የሳሙና ውኃ ተረጭቶ ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት ግን ሊወገዝ የሚገባው ልማድ ነው። ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያላላል፤ ድምፁን ጥቂት ቀን ይደብቅና ጎሚኒውን ይጨርሰዋል።

ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚያድግ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ነው። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ስለሚሄድ በዚያን ጊዜ ጩኸቱ ከጨመረ ጥርጣሬው ቀኝ ላይ ይወድቃል። መሪ እስከ መጨረሻው ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የፊት ጎማን የሚያሽከረክረው ዘንግ መጋጠሚያ እንጂ እግሩ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ፣ ሲለቀቅም አንድ ጊዜ «ዱብ» የሚል ድምፅ የኮንትሮል አርም ጎሚኒ ተቀዷል ያሰኛል፤ ክንዱ በፍሬን ጊዜ ወደ ኋላ፣ ሲለቀቅ ወደ ፊት ይሸሻልና። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር እንደ ተወጠረ ሽቦ «ድንግ» ካለ በሾኩ ራስ ላይ ያለው ኩሽኔታ አልዞር ስላለ ሞላው እየተጠማዘዘና በድንገት እየተፈታ ነው።

በዝግታ በሚነዳበት ሸካራ መንገድ ላይ «ገጭ ገጭ» የሚለው ቀላልና ፈጣን ኳኳታ ግን ራሱን የቻለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ትንሿ ሊንክ

ሊንክ የስታቢላይዘሩን ጫፍ ከጎማው ጋር ከሚወጣና ከሚወርደው ክፍል ጋር የምታገናኝ አጭር ዘንግ ናት። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች በሁለቱም ጫፍ ላይ ትንሽ የኳስ መጋጠሚያ አላት። በአዲስ አበባ ጎዳና እንደ ልብ የሚታዩት ብዙዎቹ ትናንሽ የቶዮታ አውቶሞቢሎች የፊት እግራቸው በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው። ዋጋዋ ከሌሎቹ የእግር ዕቃዎች ያነሰ፣ ለመቀየርም ቀላል ናት፤ ሆኖም በጥርጣሬ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ቦታ ትይዛለች።

ሊንኳን ለመረዳት የስታቢላይዘሩን ሥራ ማየት ይበቃል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲወጡ ዘንጉ በጎሚኒዎቹ ውስጥ ተሽከርክሮ አብሯቸው ይወጣል፤ ስለማይጠማዘዝ ሊንኮቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ኢምንት ነው። አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲቀር ግን ዘንጉ ይጠማዘዛል፤ አንዷ ሊንክ ስትገፋ ሌላዋ ትጎተታለች። ኳሱ ላልቶ ከሆነ በእያንዳንዱ የአቅጣጫ ለውጥ ቤቱን ይመታል።

ከዚህ ምንም መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና ይወጣል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በዝግታና በቀጥታ ይታለፋል፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አብረው ይወጣሉ። ቀጥሎ በዚያው ፍጥነት ጉብታው በሰያፍ ይታለፋል፤ ጎማዎቹ በየተራ ይወጣሉ። በቀጥታው ዝም ብሎ በሰያፉ የሚንኳኳ መኪና ጣቱን ወደ ሊንክ ወይም ወደ ስታቢላይዘሩ ጎሚኒ ይቀስራል። በሁለቱም የሚንኳኳ ከሆነ ቦል ጆይንት፣ የኮንትሮል አርም ጎሚኒ ወይም የሾክ ራስ መያዣ ይፈተሻል።

የኮብልስቶን መንገድም በዚህ ረገድ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ድንጋዮቹ ትናንሽ፣ ከፍታቸውም የተለያየ ስለሆነ ግራና ቀኝ ጎማዎች ሳያቋርጡ በየተራ ይነሳሉ፤ ሊንክ የምትጠላው እንቅስቃሴ ይኸው ነው። በሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ሲንኳኳ የከረመ መኪና ለስላሳ አስፋልት ላይ ሲወጣ ዝም ቢል የሚያስገርም አይደለም። ጋራዡ አስፋልት ዳር ከሆነና መካኒኩ እዚያው አካባቢ ብቻ ከሞከረው «ምንም የለውም» ብሎ መመለሱም እንዲሁ። የሙከራ ጉዞ መደረግ ያለበት ድምፁ በሚሰማበት ዓይነት መንገድ ላይ ነው።

በጋራዥ ውስጥ የሚፈጸመው ተደጋጋሚ ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መካኒኩ መኪናውን በአንድ በኩል ብቻ በክሪክ ያነሳል፤ ሊንኳን ይዞ ያወዛውዛል፤ ጥብቅ ሆና ያገኛታል፤ «ደህና ናት» ይላል። ደህና ላትሆን ትችላለች። አንዱ ጎማ ተንጠልጥሎ ሌላው መሬት ላይ ሲቀር ስታቢላይዘሩ ተጠማዝዟል፤ ጥምዝምዙ ኳሱን ከቤቱ አንድ ግድግዳ ጋር ስለሚያጣብቀው ክፍተቱ አይታይም። ሊንክ የምትፈተሸው ሁለቱም ጎማዎች እኩል ተንጠልጥለው ወይም ሁለቱም መሬት ላይ ቆመው ነው። መኪናው ፎሳ ላይ ቆሞ መካኒኩ ከታች ሊንኳን በጣቶቹ ሲይዛት፣ ሌላ ሰውም መኪናውን ከጎን ሲያወዛውዘው ምቱ እጅ ላይ ይሰማል። እጅ ከጆሮ ይልቅ የሚታመነው የነካውን ዕቃ ብቻ ስለሚሰማ ነው።

ጥርጣሬው ካልጠራ ሁለቱም ሊንኮች ይፈቱና የስታቢላይዘሩ ጫፎች ምንም እንዳይነኩ በሽቦ ታስረው መኪናው ለአጭር ርቀት በዝግታ ይነዳል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ያለ ሊንክ መኪናው ኩርባ ላይ አብዝቶ ስለሚያጋድል ይህ የሙከራ ጉዞ ብቻ ነው።

ሾክ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ

የፊት እግር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰሰው ሾክ ነው። ለዚህ የእግሩ አሠራር ራሱ ሰበብ ሆኗል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን የነደፈውና ፎርድ ከ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእንግሊዝ በኮንሱልና በዜፊር ሞዴሎቹ የተጠቀመበት ሥርዓት ሾኩን፣ ሞላውንና የጎማውን የላይኛ መያዣ በአንድ ምሰሶ አዋሃዳቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ፊታቸው በዚህ መልክ ተሠርቷል። ምሰሶው አካባቢ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ «ሾክ» የተባለውም በዚህ የተነሳ ነው።

ሾክ በዘይት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ፒስተን ነው። ሲያረጅ ዘይቱ ይወጣል፣ ቫልቮቹ ይደክማሉ፣ መኪናው ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ ይዘላል፣ ጎማውም እየተቦረቦረ ይበላል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለ ኳኳታ ይሆናል። ውስጡ የተሰበረ ሾክ መንኳኳቱ ባይካድም ከዚያ ይልቅ የሚዘወተረው የሾኩ ራስ መያዣ ጎሚኒ መቀደድ፣ የላይኛው ኩሽኔታ መበላት ወይም የላይኛው ዳዶ መላላት ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ አንድ ሰው እጁን የሾኩ ራስ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሌላው መሪ ሲያዞር ወይም መኪናውን ሲጫን እዚያ ያለው ዝላይ ይታወቃል። እጅ በምንም ምክንያት በሞላው ጥምዝ መካከል አይገባም።

አዲስ ሾክ በአሮጌ መያዣ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ኳኳታው ይቀጥላል፤ ከዚያም ጥፋቱ በአዲሱ ሾክ ጥራት ይሳበባል።

ክሪኩ የሚቆምበት ቦታ

የቦል ጆይንት ፍተሻ የሚወሰነው ሸክሙ የት እንዳረፈ በማወቅ ነው። በማክፈርሰን እግር የታችኛው ቦል ጆይንት የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፤ መኪናው በሻንሲው ተነስቶ ጎማው ሲንጠለጠል ክፍተቱ በረጅም ብረት ሲፈነቀል ይታያል። ሁለት ክንድ ባለውና ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ በተቀመጠበት እግር፣ ለምሳሌ በአሮጌው ላዳ፣ ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ይገባል፤ አለዚያ ሞላው ክንዱን ወደ ታች እየገፋ መጋጠሚያዎቹን ስለሚወጥር የላላውም ጥብቅ ይመስላል። በሁለቱም አኳኋን መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ይደገፋል።

ጎማው ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ የሚላላ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ የሚላላ ከሆነ የመሪ ቴስቲና ይጠረጠራል።

ከጥገናው የሚወለድ ድምፅ

አዲስ የገባ የኮንትሮል አርም ጎሚኒ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲቀደድ «ኦሪጅናል አልነበረም» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጎሚኒውን የገደለው አስተሳሰሩ ነው። ይህ ጎሚኒ ከውስጥና ከውጭ የብረት ቀለበቶቹ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ በመካከላቸው አይንሸራተትም፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ራሱ ይጠማዘዛል። ቡሎኑ ጎማው እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ጎሚኒው በዚያ አቋም ይታሰራል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ክንዱ ወደ ላይ ይሄድና ጎሚኒው ቆሞም ሲሄድም እንደተጠማዘዘ ይቀራል። በየጉብታው ላይ ደግሞ ይብሱን ይጠማዘዛል፤ መቀደዱም አይቀርም።

መፍትሔው አንዲት ተጨማሪ እርምጃ ናት። ቡሎኖቹ መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይያዛሉ፤ መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ፎሳ ውስጥ በመግባት በአምራቹ ልክ፣ ጥንካሬ በሚለካ መፍቻ ይጠብቃሉ። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ሊጠበቅና ሊመሰገን ይገባል፤ የማያደርገውን መጠየቅም የደንበኛው መብት ነው።

ከጥገናው በኋላ መኪናው ድምፁ መጀመሪያ በተሰማበት መንገድ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ሸክም ይሞከራል። ክንድ፣ ቦል ጆይንት ወይም ቴስቲና ከተነካ የጎማው አቅጣጫ በመሣሪያ ይስተካከላል። የሊንክና የሾክ ራስ መያዣ ድምፅ በጥንቃቄ እየተነዳ ጥቂት ቀን ሊታገስ ይችላል። የላላ ቦል ጆይንት ወይም የመሪ ቴስቲና ግን ሲለያይ ጎማው ይታጠፋል ወይም መሪው ጎማውን መምራት ያቆማል፤ እንዲህ ያለ መኪና ዕቃው እስኪቀየር ድረስ አይነዳም።